የአሥራ ሁለት ሰዓቱ መድኃኒት

ልጄ ክርስትና በተነሣችበት ጠዋት የመወለጃዋ ቀን ገና አልደረሰም ነበር። ይህን ስናገር ሰው የሚስቅበት ጊዜ አለ፤ እኔ ግን ቀልድ እያወራሁ አይደለም። የተወለደችው በሃያ ስምንተኛው ሳምንት ነው። ሰማንያ ቀን የሞላት ዕለት፣ እናቷ ሆድ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ለመወለድ ገና አራት ቀን ይቀራት ነበር። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ደምራ አሳይታኛለች። እናቴ ግን የቆጠረችው በጣቷ ነው፤ ሴት ልጅ ናትና ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ሰማንያ። እኔ በሰማንያው አልተጣላሁም። የፈለገ በፈለገው ይቁጠረው። የተናደድኩት በዚያ ጠዋት በተሠራው ሥራ ነው፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ ንዴቱ አልበረደልኝም።

የተወለደችው ቦሌ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው። ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም አትበልጥም ነበር። እኔና ሚስቴ ከመገናኛ ወዲያ ካለው ቤታችን እስከዚያ ማሞቂያ ክፍል ሰባ ቀን ሙሉ ተመላልሰናል። ዘመድ ወዳጅ ሲደውል የሚጠይቀው ስለ ሳንባዋ ነው። «ትንፋሿ እንዴት ነው?» ይሉናል። ሳንባዋማ ደህና ሆነ። መቀመጫ ያሳጣን ማንም ያልጠየቀን ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን የደም ግፊቷ ወረደ። ስኳሯም ወረደ። ግሉኮስ ሲሰጧት ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ተመልሳ ትወርዳለች። ነርሶቹ ከመስታወቱ ወዲያ ሲሯሯጡ እያየን ምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው አጣን።

በመጨረሻ የሕፃናት ሐኪሟ መጣች፤ ረጋ ያለች ሴት ናት። ወንበር ስባ አጠገባችን ተቀመጠች። ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ደስ አይልም።

«ከሁለቱ ኩላሊቶቿ አናት ላይ ቆብ የሚመስሉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ» አለችን። ዕጢ ስትል ሚስቴ እጄን ጨበጠችው። ሐኪሟ ገባት። «የለም፣ አትደንግጡ። በሽታ አይደለም። ሁላችንም አለን።»

ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ ሣለችልን። ይህ ዕጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሰው ሲታመም፣ ሲበርደው፣ ሲርበው የደም ግፊቱንና ስኳሩን ደግፎ የሚያቆምለት እሱ ነው። ሕፃን ማኅፀን ውስጥ እያለ ዕጢው ትልቅ ነው፣ ሥራም አይፈታም፤ ነገር ግን የሚሠራው አብዛኛውን ከእንግዴ ልጁ ጋር ተጋግዞ ነው። ብቻውን ለመቆም የሚዘጋጀው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። «የእናንተ ልጅ እነዚያን ሳምንታት አላገኘችም» አለችን። «ዕጢዋ ጤነኛ ነው። ግን ገና ሥራውን አልጀመረም። እስኪጀምር ድረስ እኛ በመድኃኒት እንተካላታለን።»

ተኩላት። ልጄ በአንድ ቀን ውስጥ ሌላ ልጅ ሆነች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ሊቀንሱላት ሲሞክሩ ወዲያው ወረደች። ስለዚህ ከነመድኃኒቷ ወደ ቤት እንድንወስዳት ተወሰነ። በቀን ሦስት ጊዜ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስምንት ሰዓት፣ ማታ አራት ሰዓት። ከመውጣታችን በፊት ሐኪሟ እኔንና ሚስቴን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ የነገረችንን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አንዲት ጊዜ እንኳ እንዳትዘለል። ካመማት ወይም ከበረዳት መጠኑ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ሌላ ሕፃን ሲርበውና ሲበርደው ይጮኻል። እሷ ዝም ካለች ፍሩ።»

አስደገመችን። እንደ ተማሪ ደገምንላት።

መድኃኒቱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ከመገናኛ እስከ አትላስ ያለውን ፋርማሲ አንድ በአንድ ገብቻለሁ። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «የለም» የሚል ሰው ስንት እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። አንዱማ የመድኃኒቱን ስም ጠርቼ ሳልጨርስ ነው «የለም» ያለኝ። «ምን እንደፈለግሁ ሰምተኸኛል?» ብዬ ጮኼበት ወጣሁ። ኋላ የጎረቤታችን ልጅ ደረሰችልን፤ ሆስተስ ናት፣ ከበረራ ስትመለስ በሻንጣዋ ይዛልን መጣች።

ክኒኑ የተሠራው ለትልቅ ሰው ነው። አድቅቄ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጬ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እስከ ትንሿ መስመር ድረስ መሳብ አለብኝ። ይህ የእኔ ሥራ ሆነ። ቦሌ አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የዕቃ ሰነድ ላይ ቁጥር ሳመሳክር ስለምውል መለካት አይከብደኝም። የሚስቴ እጅ ከዚያ ማሞቂያ ክፍል ወዲህ ይንቀጠቀጣል። «አንተ ሰጥቻታለሁ ካልከኝ እኔ አምኜ እተኛለሁ» አለችኝ። አምኜ ነው ያለችው።

እናቴን ክፉ ሴት አድርጌ መጻፍ አልፈልግም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ አንድ ነገር ከያዘች የማትለቅ ሴት ናት። እነዚያን ሰባ ቀናት ስትጾምና ስትሰግድ ነው የከረመችው። ልጅቱ ከሆስፒታል ስትወጣ ልብሷን ሸክፋ እኛ ቤት ገባች። ለሚስቴ አጥሚት አፈላች፣ ገንፎ አገነፋች፣ የልጅቱን ጨርቅ በእጇ አጠበች። ለዚህ አመሰግናታለሁ። ክርስትናውንም የያዘችው እሷ ናት። ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አዳራሽ ተያዘ፣ ድግስ ተደገሰ፣ የሚስቴ የሥራ ባልደረባ ክርስትና እናት እንድትሆን ተነገራት።

ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ እናቴ ሕጉን ነገረችን። ሕፃን ሲጠመቅ ይቆርባል፤ የሚቆርብ ደግሞ ጾሞ ነው የሚቆርበው። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም ነገር አፏ እንዳይገባ» አለች።

«እማማ፣ እሷ እኮ በየሦስት ሰዓቱ ነው የምትጠባው» አለች ሚስቴ።

«አንድ ጠዋት ነው ልጄ። ሰው ሁሉ ልጁን እንዲህ ነው ክርስትና የሚያስነሣው። እሱንስ ሳላጠባው አይደል ያስቆረብኩት? ሞተ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አልሞትኩም፤ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጫለሁ። እኔ ግን ዘጠኝ ወር ጨርሼ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ሆኜ፣ ሥራውን የሚያውቅ ዕጢ ይዤ ነው የተወለድኩት። ይህን ማለት ነበረብኝ። ሳቅሁ። ምኑ እንዳሳቀኝ እስካሁን አላውቅም። ሚስቴ ትንሽ አየችኝና ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጥ ቤት ገብቼ መድኃኒቱን አዘጋጀሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሳሎን ውስጥ ሦስት የእናቴ የማኅበር ጓደኞች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ሚስቴ መኝታ ቤት ልጅቱን እያለባበሰች ነው። ሲሪንጁን ይዤ ስወጣ እናቴን በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ምንድነው እሱ?»

«መድኃኒቷ ነው እማዬ። ሰዓቱ ደርሷል።»

«ዛሬ?»

«በየቀኑ ነው እኮ። ምግብ አይደለም፣ ጠብታ ነገር ነው።»

«አፏ ይገባል አይገባም?»

«ይገባል።»

«በቃ!» ድምጿን ዝቅ አደረገች። እናቴ የምታስፈራው ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነው። «ሥጋ ወደሙ የምትቀበል ልጅ ናት። ቅዳሴው ሲያልቅ ትሰጣታለህ። ትንሽ ብትቆይ ምን ትሆናለች? ደግሞስ እስከ ዛሬ ያቆያት ማን ሆነና ነው፣ ያንተ ክኒን ነው?»

ከሳሎን አንዷ ሴትዮ «እውነቷን ነው ልጄ፣ አትድፈር» አለችኝ። ልጅቱን አንድ ቀን አቅፋት የማታውቅ፣ ያቺ ሲሪንጅ ምን እንደያዘች የማታውቅ ሴትዮ ናት።

እኔ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ። ቤቱ የእኔ ነው። ልጅቱ የእኔ ናት። ሐኪሟ አስደግማኛለች። «እሺ» አልኩ። የሲሪንጁን ጫፍ በክዳኑ ዘጋሁና ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ለዕለቱ በተከራየነው መኪና ውስጥ እናቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፣ እኛ ከኋላ። የማኅበር ጓደኞቿ በሌላ መኪና ይከተሉናል። ሚስቴ ልጅቱን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋለች። ጠጋ አለችና በጆሮዬ «ሰጠሃት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ይህን «አዎ» ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት! ለምን አልኩ? እውነቱን ብነግራት መኪናውን ታስቆማለች። እናቴ ታለቅሳለች። የኋለኛው መኪና ቆሞ ያያል። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ወሬ ይሆናል፤ ልጃቸው ሚስቱን ፈርቶ ክርስትናውን አፈረሰ ይባላል። ይሉኝታ ነው። እኛ አገር እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፣ ይሉኝታ ቢስ ማለትም ከባድ ስድብ ነው። ለእኔ ስድብ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ይሉኝታ ያለው አባት ምን እንደሚሠራ ራሴ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢው ሰፊ ነው፣ የዚያን ቀን የሚነሡት ሕፃናትም ብዙ ነበሩ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ሌሎቹ ሕፃናት ውኃው ሲነካቸው ግቢውን በለቅሶ አናጉት፤ ጤነኛ ሕፃን እንዲህ ነው። የእኔ ልጅ አንዴ ብቻ ቀጭን ድምፅ አሰማችና ዝም አለች። ክርስትና እናቷ ተቀብላ በነጭ ልብስ ጠቀለለቻት። ሜሮን ተቀባች፣ ማተቧ ታሰረላት። እስከ መጨረሻው አላለቀሰችም።

«ታድላ!» አለች ከማኅበርተኞቹ አንዷ። «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት!»

«ጸበሉ አረጋጋት» አለች ሌላዋ።

ጨዋ! ሐኪሟ እኮ ዝም ካለች ፍሩ ብላናለች። እኔ ግን እዚያ ቆሜ፣ ለመጻፍ ያሳፍረኛል፣ ኮራሁ። ከዚያ ሁሉ ከሚጮኽ ሕፃን መካከል የእኔዋ ዝም በማለቷ ኮራሁ።

ቅዳሴው ረዘመ። እኔ በወንዶች በኩል ቆሜያለሁ፣ እነሱ ከማዶ ናቸው። ሰዓቴን አያለሁ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ተኩል ሆነ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ቄሱ የሚሉትን አልሰማም፣ እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቶሎ ይለቅ፣ ቶሎ ይለቅ። ሦስት ሰዓት አለፈ። ሕፃን የያዙ ሴቶች ለቁርባን መሰለፍ ሲጀምሩ ሚስቴ ከክርስትና እናቲቱ ጎን ሆና ጨርቁን ስትገልጥ አየኋት። ፊቷን ሳይ ሰው እየገፋሁ ወደ ማዶ ተሻገርኩ።

የልጄ ፊት አመድ መስሏል። ሚስቴ ትንሿን እጅ አነሣቻት፤ ስትለቃት ዝም ብላ ወደቀች።

«ተኝታ ነው» አለች እናቴ በሹክሹክታ። «አምስት ሕፃን ነው ከፊቷ የቀረው። ሊደርሳት እኮ ነው፣ ትንሽ ታገሡ።»

«አልተኛችም!» አለች ሚስቴ። ጮኻ ነው የተናገረችው። ያ ሁሉ ሰው ዞረ። እሷ ግን ማን አየኝ አላለችም። ልጅቱን ከክርስትና እናቷ እቅፍ ወስዳ በሩ ላይ የቆሙትን በትከሻዋ እየገፋች ወጣች። ጫማዋን እንኳ አልፈለገችም።

እሑድ ስለሆነ መንገዱ ጭር ይላል ብዬ ነበር። መገናኛ ስንደርስ መንገዱ ተቆፍሮ ግማሹ ተዘግቷል፣ ሚኒባሶቹ ተጠላልፈዋል፣ ረዳቶቹ ተሳፋሪ ይጠራሉ። ሾፌራችን ጡሩምባውን ቢነፋ ማን ሰምቶት። ወርጄ ከፊታችን የተገተረውን ሚኒባስ መስኮት በቡጢ ደበደብኩ። «ልጅ እየሞተች ነው!» አልኩት። እናቴ ከመኪናው ውስጥ «ኧረ ዝም በል፣ እንዲህ አይባልም» አለች። እንዲህ አይባልም! የሚኒባሱ ሾፌር ደንግጦ እግረኛ መንገድ ላይ ወጣልንና አለፍን።

እውነቱን ልጻፍ ብዬ ከተቀመጥኩ ይህንንም ልጻፈው። መኪናው ውስጥ መድኃኒቱ ኪሴ ነበር። አውጥቼ ብሰጣት ሚስቴ መዋሸቴን ታውቃለች። የልጄ እግር እየቀዘቀዘ እኔ የማስበው ይህን ነበር። መዋጥ አትችልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ኋላ ሐኪሞቹ እንደነገሩኝ በእርግጥም በዚያ ሁኔታ አፏ ውስጥ ቢገባ ትን ብሏት የባሰ ይሆን ነበር። እኔ ግን ያንን አላውቅም ነበር።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ተረኛ ሐኪም ወጣት ነው፣ አይቶን አያውቅም። ልጅቱን አልጋ ላይ አስተኝቶ እየመረመረ ጥያቄውን አከታተለ። መቼ ተወለደች፣ በስንት ሳምንቷ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለች። ሚስቴ አንድም ሳትሳሳት መለሰችለት።

«የዛሬ ጠዋቱን ወስዳለች?»

«ወስዳለች» አለች ሚስቴ ቆፍጠን ብላ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። አባቷ ነው የሰጣት።»

«እንደዚያ ከሆነ ኢንፌክሽን ሳይሆን አይቀርም» አለና ለነርሷ ስለ ደም ምርመራ መንገር ጀመረ። ሌላ ነገር ፍለጋ ሊሄድ ነው። ልጄ የጎደላት ምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ሐኪሙ በእኔ ውሸት ተመርቶ ወደ ሌላ ሊሄድ ነው። እናቴ ጥግ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እሷም ታውቃለች። አልተናገረችም። እኔ እንድናገር ጠብቃ ይሁን፣ እንዳልናገር ለምና ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። በዚህም ተናድጄባታለሁ።

«አልወሰደችም» አልኩ።

ሐኪሙ ዞረ። ሚስቴ አልዞረችም።

«ከትናንት ማታ አራት ሰዓት ወዲህ ምንም አልወሰደችም። ይኸው» ብዬ ሲሪንጁን አወጣሁት።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የመርፌውን ስም ጮክ ብሎ ለነርሷ ነገራት፣ ነርሷ ሮጠች። «ምግብስ?» አለ ደም ሥር እየፈለገ። «መቼ ነው የጠባችው?»

እኔና እናቴ ተያየን። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አፏ እንዳልገባ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠብታለች» አለች ሚስቴ። ድምጿ ደርቋል። «መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ አጠባኋት።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«ደግ አደረግሽ» አለ ሐኪሙ ቀና ሳይል። ስኳሯን ሲለኩት ወርዷል፤ ያ ወተት ባይኖር የበለጠ ይወርድ እንደነበር ኋላ ነገረን።

መርፌው ገባ፣ ግሉኮሱ ገባ። ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ ከንፈሯ ቀላ። ቆይታ ጣቷን አንቀሳቀሰች። ከዚያ አለቀሰች፤ ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ ነው። ሚስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ባዶ እግሯን መሆኗን ያየሁት ያኔ ነው። ኮቴን አውልቄ ላለብሳት ስጠጋ በእጇ ገፋችኝ።

ስልኬ አላቋርጥ አለኝ። ሩዋንዳ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ ነው። አጎቴ «የት ናችሁ? ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው እኮ» አለኝ። ልጅቱ ሆስፒታል ናት ስለው አዘነ፣ እግዜር ይማራት አለ፣ ከዚያ «እንግዲህ ሰው መጥቷል፣ ምን ይሻላል?» አለኝ። ብሉት አልኩት። በሉት። ኬኩንም ቆረጡት። የቆረጡበትን ፎቶ ላኩልኝ፤ ኬኩ ላይ «እንኳን ለክርስትና ቀንሽ አደረሰሽ» ይላል፣ ዙሪያውን ሰው ይስቃል። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን መጡ። ጠዋት የቀደሱት እሳቸው ናቸው። እናቴ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አትደብቅም፣ ይህን አልክድባትም። አባ ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጅቱ መድኃኒት ላይ መሆኗን ማን ነገረኝ?» አሉ። «ለነፍሷ የሚያሰጋ ሕፃን ሲሆን እኮ ሆስፒታል ድረስ ሄደን ነው የምናጠምቀው። ቀድማችሁ ብትጠይቁኝ መላ ነበረው። ሕፃን ገድላችሁ አቁርቡ ያላችሁ ማን ነው?»

«አጥፍቻለሁ አባ» አለች እናቴ።

በማግስቱ ሐኪሟ መጣች። እሷ ደግሞ ከአባ የተለየ ቃል አልተናገረችም። «ስልኬ አላችሁ። ቀደም ብላችሁ ብትደውሉልኝ ሰዓቷን አሸጋሽግላችሁ ነበር» አለች። ሁለት ጥያቄ ነበር እንግዲህ የሚያስፈልገው። እናቴ የቄሱን መልስ እሳቸውን ሳትጠይቅ ራሷ መለሰችው። እኔ የሐኪሟን መልስ ሰምቼ፣ ደግሜ፣ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቷን የምትሰጣት ሚስቴ ናት። አልተነጋገርንበትም። ከሆስፒታል በወጣን ዕለት ክኒኑንና ሲሪንጁን ከነበረበት አንሥታ መኝታ ቤት ወሰደችው። ልጅቱ በሌላ እሑድ፣ አባም ሐኪሟም በሚያውቁት ሁኔታ ቆረበች። ከወራት በኋላ ሐኪሟ ደሟን አስመረመረች፤ ዕጢዋ ነቅቷል፣ ሆርሞኑን ራሷ ታመነጫለች አለችን። መድኃኒቱ ቀስ እያለ ቀነሰ፣ ከዚያ ቀረ። እናቴ «ጸበሉ ነው» አለች። አልተከራከርኳትም። እነዚያን ሁሉ ቀናት የሰገደች ሴት ናት፣ ደስ ይበላት።

ያልቻልኩት ወሬውን ነው። ባለፈው ሰሞን እናቴ ቤት ምሳ ተጋብዘን ያቺው ሴትዮ፣ አትድፈር ያለችኝ፣ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለአዲስ እንግዳ ታወራለች። «ይህቺ እኮ ስትጠመቅ ያላለቀሰች ናት! እንዴት ያለች ጨዋ!» እናቴ እየሰማች ቡና ቀዳች። እኔ ሳህኔን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቤት ስንገባ ከበሩ ጀምሬ ተነሣሁ። እናቴን አነሣሁ። ሴትዮዋን አነሣሁ። አጎቴን ከነኬኩ፣ አባን ለምን ቀድመው አልጠየቁንም ብዬ፣ ሐኪሟን ለምን በጽሑፍ አልሰጠችንም ብዬ፣ መንገድ ቆፋሪውን፣ የሚኒባሱን ሾፌር፣ አንድ ሰው አልቀረኝም። ሚስቴ ልጅቱን አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ጫማዋን እየፈታችላት ነበር። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። በዓመቱ ውስጥ ስለዚያ ጠዋት አንድ ቀን እንኳ አንሥታብኝ አታውቅም።

«ሐኪሟ መድኃኒቱ ከተዘለለ ምን እንደሚመጣ ቁጭ አድርጋ ያስደገመችው ሁለት ሰው ነው» አለችኝ። «እናትህ አልነበሩም። ያቺ ሴትዮም አልነበረችም። እኔና አንተ ነበርን።»

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች። «እየፈራሁ አጠባኋት።»